ቪላው ተሰልፎ የመጣ ዕለት

ትናንት በእንቅልፌ ባሕር አገር ደርሼ ተመለስኩ። ሕልሙን እንደወረደ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን በእውኑ ዓለም ምን ላይ እንደነበርን ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ነገሩ ይዘባረቅባችኋል።

ስሜ ይርዳው ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ የሜትሮሎጂ ጣቢያ እሠራለሁ። ሥራዬ የከተማውን ሙቀት በቀን ሦስት ጊዜ አንብቦ መመዝገብ ነው። ሙቀት የምለው ለወጉ ያህል ነው፤ የምመዘግበው ብርድ ነው። ይህንን ብርድ ሃያ ስድስት ዓመት መዝግቤዋለሁ። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ያንኑ ብርድ ሃያ ስድስት ዓመት በጉልበቷ ችላዋለች። ቁርጥማት አለባት። ሐኪሙ ወደ ሞቃት አገር ሄደሽ ፀሐይ ብታገኚ ይሻልሻል ካላት ወዲህ ስለ ባሕር ማውራት አመጣች። ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም።

ታናሽ ወንድሟ ጎሳዬ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ በዓመት አንዴ ለቤተሰብ የሚሆን ትኬት ይሰጠዋል። ዘንድሮ እሱና ታላቅ እህታቸው እትዬ በላይነሽ ከነቤተሰባቸው፣ እኔና አስካለም ተጨምረን፣ ሞምባሳ አካባቢ ባሕሩ ዳር ያለ ቪላ ተከራይተን ሁለት ሳምንት እንድናርፍ ተመከረ። ለጎረቤቶቻችን ባሕር ዳር ልንሄድ ነው ብዬ ስነግራቸው፣ ጣናን ሰላም በሉልን አሉኝ። ማስረዳቱ ስለከበደኝ እሺ አልኩ።

ለጉዳዩ ቴሌግራም ላይ «ቪላችን» የሚባል ግሩፕ ተከፈተ። ቪላው አራት መኝታ ክፍል አለው፤ ባሕሩ የሚታየው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጻፈው ሁሉ ስለዚያ አንድ ክፍል ነበር። እትዬ በላይነሽ ታላቅ እኔ ነኝ አሉ። ጎሳዬ ትኬቱ የማን ሆነና አለ። አስካለ አንድም ቃል አልጻፈችም። እሷ የምትጠይቀው እኔን ነበር። ከሥራ ስመለስ ፈቃድ ጠየቅህ ወይ ትለኛለች፤ እኔም አለቃዬ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መስክ ወጥተዋል፣ ጉንፋን ይዟቸዋል እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኩም ነበር። ለምን እንዳልጠየቅኩ እኔም በደንብ አላውቀውም። የእኔን ቴርሞሜትር ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያነበው ሳስብ ቅር ይለኛል። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ትናንት አስካለ ለባሕሩ ብላ የገዛችውን አበባ አበባ ያለበት ስስ ቀሚስ አጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። አወጣችው። እንደገና አጥፋ ከተተችው። እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

ዓይኔን ከመክደኔ በሕልሜ ነጋ። ልብሴን ለባብሼ ወደ ሥራ ልሄድ የግቢዬን በር ስከፍት፣ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ ከበሬ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፎ አገኘሁት። ከፊት የቆሙት አለቃዬ ነበሩ። ክራቫታቸውን አስረው፣ ፋይል በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ በጠዋቱ ጤዛ ጫማቸው ረጥቧል። ከኋላቸው የሰው ኃይሏ፣ መዝገብ ቤቷ፣ ጥበቃው ሳይቀር አለ። ሁሉም ዕረፍት እንድወስድላቸው ሊለምኑኝ ነው የመጡት። ማመልከቻቸውን ጽፈው፣ ፎቶግራፋቸውን ለጥፈው ይዘዋል።

አለቃዬ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። አንድ ፊርማ ብቻ ነው ጌታዬ፣ ሁለት ሳምንት ቢያርፉልን ምን ይጎድልብዎታል አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ ስለማያውቅ መጀመሪያ አፈርኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ደስ አለኝ። ማኅተሙ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን ነገርኳቸው። ነገ ተመለሱ አልኳቸው። መዝገብ ቤቷ ሦስት ቀን እንደተመላለሰች ነግራኝ እንባ ስታብስ፣ ኔትወርክ የለም አልኳት። ሁለት ጉርድ ፎቶና አንድ ዋስ ይዘሽ ነይ ብዬም ጨመርኩላት። የምለው ነገር ከየት እንደሚመጣልኝ አላውቅም፤ ብቻ ከአፌ ይፈስሳል።

ሰልፉን እስከ መጨረሻው በዓይኔ ስከተለው ከጥበቃው ቀጥሎ አንድ ቪላ ቆሟል። ነጭ ነው፤ ጣራው ቀይ ሸክላ፤ በረንዳው ሰፊ። መዋኛ ገንዳውን ውሃው እንዳይደፋበት እንደ ቀሚስ ጫፍ ሰብሰብ አድርጎ ይዞታል። ከብርዱ የተነሳ የመስኮት መዝጊያዎቹ ይንቀጫቀጫሉ። ወረፋውን አልፎ እንዲገባ ነገርኩት፤ ማንም አልተቃወመም።

ቪላው ግቢያችን ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደረጃውን በደረጃው ላይ አነባበረ። በአገሩ ቪላዎች በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ተከራይተው እንደሚያርፉ ጌታዬ እያለ አስረዳኝ። አምና የተከራያቸው ሰዎች በፎቶ ሲታዩ ሰፊ ነበሩ፤ ሲመጡ ግን ውስጣቸው ጠባብ ሆነው አገኛቸው። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ሳያይ አይከራይም።

አስካለ ጓዳ ነበረች፤ ጠራኋት። ቪላው ተነስቶ ዞር ብሎ አያት። ሰላም ያላት ሴት ናት፣ ፊቷ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ድምፅ አታስተጋባም እያለ በማስታወሻው ጻፈ። ወደ እኔ ሲዞር ግን ጌታዬ ማለቱን ተወ።

«ፊትህ ወደየት ነው?» አለኝ።

«ወደ መሥሪያ ቤት» አልኩት።

«ሲዘንብ ታፈሳለህ?»

አፍስሼ እንደማላውቅ ነገርኩት። በእውነትም አላውቅም፤ አባቴ ሲቀበሩ እንኳን ሌላው ሲያለቅስ እኔ የሰዓቱን ንፋስ እገምት ነበር። ቪላው ጣቱን ወደ ደረቴ ሰድዶ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ባዶ ቤት ሲንኳኳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ክፍል አለ ብሎ ጻፈ።

ውሳኔውን የነገረው ለአስካለ ነው። እሷን ለሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ እኔን ደግሞ የእሷ ዕቃ ቤት አድርጎ ይቆጥረኛል። አስካለ ተስማማች። ዕቃ ቤት መሆኔ ከፋኝ፤ ግን እንዳልቀር ብዬ ተቀበልኩት።

ወዲያው አውሮፕላን ማረፊያ ተገኘን። እዚያ ሰዎች ወደ አውሮፕላን ከመግባታቸው በፊት የሚያልፉት በአንድ በግ በኩል ነው። ወፍራም ፀጉር ያለው የመንዝ በግ፤ መነጽር አድርጎ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። ትክክለኛውን ፓስፖርት ይበላዋል፤ የተጭበረበረውን አሽትቶ ይመልሳል። የአስካለን በአንድ ጉርሻ ዋጠና እንኳን ደስ ያለሽ አላት። የእኔን ሲቀምሰው ፊቱን አጨፈገገ። አልጫ ነው፤ ይህ ሰው ጨው የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም አለ። ቢሆንም ከሽፋኑ አንድ ማዕዘን ብቻ አስቀርቶ በላልኝና አለፍኩ።

መሳፈሪያው ላይ ስንደርስ የሚሳፈሩት ሻንጣዎቹ መሆናቸውን አየሁ። እኛ የምንጫነው በታች በኩል ነው። የእኛ ሻንጣ፣ ያ በገመድ የሚታሰረው ቡናማው፣ ዞር ብሎ እንኳን ሳያየን ደረጃውን ወጥቶ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ቀበቶውን ሲያስር በመስኮቱ ይታየኛል። እኛን አንድ ሰውዬ መዘነን። እኔን ሲያነሳ ቀላል ነው፣ ውስጡ ብዙ ነገር የለም አለ። እጃችን ላይ ወረቀት አሰረና ከሌላው ሰው ጋር ደረደረን።

ከታች ጨለምለም ያለ ቢሆንም ይሞቃል። አስካለ አጠገቤ ተጋድማለች። እግሯን ዘረጋች፤ አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋች። ጉልበቷ ሳያማት ስታጥፍ ያየኋት ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ስለ ፈቃዱ ልነግራት ተነሳሳሁ፤ አልጠየቅኩም፣ ስዋሽሽ ነው የከረምኩት ልላት። አፌን ስከፍት ሰውዬው በመዝጊያው በኩል አጮልቆ፣ ዕቃ በጉዞ ላይ አያወራም ብሎ ዘጋብን።

ባሕር አገር ስንደርስ ዕቃ በሚዞርበት የጎማ ቀበቶ ላይ ጣሉን። እኛ ስንዞር ሻንጣዎቹ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። አንዱ ሰውዬውን ሲያገኝ ወረቀቱን ያነባል፤ አንስቶ ይሄዳል። አስካለ ከፊቴ ነበረች። አንድ ቀይ የቆዳ ሻንጣ፣ ጎማ ያለው፣ ሽቶ የሚሸት፣ እጁን ሰደደና አነሳት። እሷ የእኛ ናት አልኩት። ሻንጣው አየት አደረጋትና ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዳንዴ ይምታታሉ አለኝ። እኔ እየዞርኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ዞሬ ስመለስ ሁለቱም የሉም።

ቡናማው ሻንጣችን ከሁሉ ኋላ እየተጎተተ መጣ። አስካለን ወስደዋታል፣ ቶሎ በል እንከተላት አልኩት። እሱ ግን መነጽሩን አውጥቶ ፀሐዩን እየተመለከተ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ብርዱ በለቀቀ ቁጥር ብርድ ልብሳችሁን ስትጠቀጥቁብኝ አንድ ቀን አቤት ብዬ አላውቅም አለኝ። አሁን ግን ዕረፍት ላይ ነኝ። እንዲህ ብሎ የጠፋ ሰው ወደሚመዘገብበት ቢሮ አደረሰኝና ወደ አሸዋው ሄደ።

ቢሮው ውስጥ የዋና ቁምጣ ለብሶ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ነበር። ስገባ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጠኝ፤ ሻይ ራሱ ቀዳልኝ፤ እስከዛሬ ሳይመጡ ስለቆዩ ይቅርታ አደርግልዎታለሁ አለኝ። ፎርም አወጣ። የጠፋችው ማን ናት አለ፤ ባለቤቴ አልኩ። ቁመቷን ጠየቀኝ፤ መለስኩ። የቀሚሷን ዓይነት ጠየቀኝ፤ አበባ አበባ ያለበት አልኩ፤ ደስ አለኝ፣ የማውቀው ነገር በመኖሩ። ቀጥሎ የሚያስቃት ነገር ምንድን ነው አለኝ።

አሰብኩ። ጎልማሳው እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። ባለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት በከተማችን ከሁሉ የባሰ የበረደው ቀን የትኛው እንደሆነ ነገርኩት፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን፣ ዲግሪውን ከነነጥቡ። በቅንነት ሰማኝ። በጣም ጥሩ ነው አለኝ፤ ግን እዚህ ላይ የምንጽፈው የሚያስቃትን ነው።

«ሌላ ጥያቄ ይለፍልኝ» አልኩት።

ሌላውን አነበበ። ምን ትፈልጋለች? እሱንም አላውቀውም። ባሕር ማየት ልለው አሰብኩ፤ ግን እሱን ሐኪሙ ነው ያዘዘላት መሰለኝ። ጎልማሳው አዘነልኝ። ክራቫቱን አላላና፣ ሰው ጠፋብኝ ብሎ ለማመልከት መጀመሪያ ሰውዬው እጅዎ ላይ እንደነበረ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እርስዎ ያቀረቡት ማስረጃ የከተማ ነው፣ የሚስት አይደለም አለኝ። ፎርሙን ባዶውን አጥፎ ኪሴ ከተተልኝ።

ወጥቼ ወደ ባሕሩ ሄድኩ። አሸዋው ነጭ ነው፤ ሙቀቱ ሠላሳ አራት ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ ልማድ ነው። ባሕሩ በቦታው አልነበረም። ዳር ላይ ረጅም ወንበር አጋድሞ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ፊቱ ላይ ጋዜጣ ከድኖ ተኝቷል። እሱ በተነሳበት ጎድጓዳ ዓሦቹ በእግራቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ከመካከላቸው ደፈር ያሉት ጠጋ ብለው በክንፋቸው ጫፍ ይነኩኝና፣ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አይገባበትም እየተባባሉ ይሸሻሉ።

ባሕሩን ቀሰቀስኩት። ባለቤቴን አይተሃል ወይ አልኩት። ጋዜጣውን ሳያነሳ ዕረፍት ላይ ነኝ አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ስለው፣ ፍጥረት ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው እያለ ሲመላለስበት ስንት ዘመኑ እንደሆነ ነገረኝ። ማዕበል አንድ ቀን ቢቀር ዓለም የሚገለበጥ መስሎት ኖሯል። ቀረ፤ ምንም አልሆነም። እንዲያውም አሸዋው ወዙ መለስ ብሏል። ይህን ብሎ ወደ ሌላ ጎኑ ዞረ። ንግግሩ ለእኔ የተባለ መሰለኝና ተናደድኩ።

በዚህ መሐል ከዘንባባው ሥር አንድ ረጅም ነገር ብድግ አለ። የእኔ ቴርሞሜትር ነው። ከእኔ ይበልጣል፤ መስታወቱ ተወልውሏል፤ ደብተር ይዟል። እኔን አንስቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠኝና ሦስት ደቂቃ ያህል አቆየኝ። ከዚያ አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሬን አነበበና ጻፈ። ልክ እኔ እንደማደርገው ነው። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚያደርግ ነገረኝ። ምን አገኘህ ብዬ ጠየቅኩት። እኛ እንመዘግባለን እንጂ ምን ተሰማህ ብለን አንጠይቅም አለኝ።

ወዲያው ዘንባባዎቹ ላይ የተሰቀሉት ሬዲዮዎች ሁሉ ተከፈቱ። የሴት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ። የይርዳውን ሁኔታ እንደሚከተለው አነበበች፤ ጠዋት ግንባሩ በከፊል ደመናማ ሆኖ ውሏል። ከቀትር በኋላ በጉሮሮው አካባቢ ከባድ መጨናነቅ ታይቷል። በሚቀጥሉት ደቂቃዎች በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ዝናብ ስለሚጠበቅ መንገደኞች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ።

ይህን እንደሰሙ አሸዋው ላይ የነበሩት ሰዎች ጃንጥላቸውን ዘረጉ። አንዲት ሴትዮ ያሰጣችውን ፎጣ እየሮጠች ሰበሰበች። እኔ አላለቅስም፣ ስህተት ነው፣ ትንበያ ሁሌ አይሳካም እያልኩ ስማጸን ዓይኔ ያፈስስ ጀመር። እንዴት እንደሚቆም አላውቅበትም። በመጀመሪያ አሸዋውን አረጠበ፤ ቀጥሎ ወረደ፤ ከዚያ ባሕሩ በተነሳበት ጎድጓዳ መጠራቀም ጀመረ። ዓሦቹ ቀምሰው ጨው አለው ተባባሉና እየተንቦጫረቁ ገቡበት። ባሕሩ ጋዜጣውን ከፊቱ አነሳ። ተተኪ ላኩልኝ እንዴ አለ፤ የተደሰተ ይመስላል።

በአንድ ጃንጥላ ሥር አስካለ መጣች። አበባ አበባ ያለበትን ቀሚስ ለብሳለች። አጠገቤ አሸዋው ላይ ቁጭ ስትል ቪላው ጭኗ ላይ ተኝቶ አየሁት። ድመት አክሏል። መጋረጃዎቹ እየተነፉ ይተነፍሳል፤ ገንዳው ከእጇ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጣራውን እየደባበሰች አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ እንደተኛ፣ እንዳትቀሰቅሰው ብላ እንዳልተነሳች ነገረችኝ።

«በሬዲዮ ሰማሁህ» አለች።

«ምን አሉ?»

«ዝናብ አሉ። የሱን አላመንኳቸውም፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ጠብታ አላየሁም አልኳቸው። ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጃንጥላውን ወደ እኔም አላስጠጋችው፤ ከራሷም አላራቀችው። ቀዩ ሻንጣ ምን አደረገሽ ስላት፣ ከፍቶ አይቷት የእሱ እንዳልሆነች ሲገባው ይቅርታ ጠይቆ እንደመለሳት ነገረችኝ። ቶሎ ያወቀው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩ። ውስጤን አየው ብያለሁ እኮ አለች።

ዓሦቹ ከሥር ሲዋኙ አየን። ከዚያ እንደዚያው እያፈሰስኩ፣ «ፈቃድ አልጠየቅኩም» አልኳት። «አለቃዬ ስብሰባ አልነበራቸውም። ጉንፋንም አልያዛቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ቀሚሱን የገዛሁ ዕለት።»

«ታዲያ ስለምን ትገዢዋለሽ?»

አስካለ ቪላውን እየደባበሰች አሰበች። ገዝቼ ባልለብሰው ይሻላል፣ ጭራሽ እንዳልፈለግኩ ከምትቆጥር አለችኝ። ለማጠፍም ደስ የሚል ጨርቅ ነው አለች።

ፎርሙን ከኪሴ አወጣሁ። ረጥቧል። የሚያስቅሽ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ አልኳት። ወረቀቱን ተቀብላ ገለጠችው። ባዶውን ቦታ ረጅም ጊዜ አየችው። ባሕሩ በክርኑ ደገፍ ብሎ ጆሮውን ወደ እኛ አዘነበለ፤ ዓሦቹ ቆሙ፤ ሬዲዮዎቹም ዝም አሉ። አስካለ እስክሪብቶ አለህ ወይ አለችኝ። ሰጠኋት። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ መጻፍ ስትጀምር አንገቴን ሳብ አድርጌ ልየው ስል፣ የቆርቆሮ በር በጡጫ ተደበደበ።

ነቃሁ። ነግቷል። የሚደበደበው የእኛው በር ነው። አስካለ አጠገቤ የለችም። በመስኮት ስመለከት ግቢው በራፍ ላይ ሚኒባስ ቆሟል። አስካለ ሹራቧን በሹራብ ላይ ደርባ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሩን ስትከፍት አየኋት። መጀመሪያ እትዬ በላይነሽ ገቡ። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ደፍተዋል፤ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ተከተሉ። ከዚያ ጎሳዬ ገባ፤ ቁምጣ ለብሷል፤ እግሩ ከብርዱ የተነሳ አመድ መስሏል። ሚስቱ የተነፋ የዋና ጎማ በብብቷ ይዛለች። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው።

አስካለ ወደ መኝታ ቤቱ ተመልሳ አንሶላ መሰብሰብ ጀመረች። ቪላው ቀርቷል አለችኝ። እኔ ተኝቼ ሳለ ግሩፑ ላይ ስለ አንዷ ክፍል እስከ መሰዳደብ ደርሰው፣ ማንም አይያዛትም ብለው ኪራዩን ሰርዘውታል። ሁሉም ግን ከየመሥሪያ ቤታቸው የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስደዋል፤ ሻንጣቸውንም አዘጋጅተዋል። እዚህ ኑ ያለቻቸው እሷ ናት።

«እዚህ ምን ብለሽ?» አልኳት።

«አንተ ፈቃድ ሳትጠይቅ መምጣት የምትችለው እዚህ ብቻ ነዋ» አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትራሱን ከሥሬ ወሰደችና ወጣች።

ጋቢዬን እንደለበስኩ ስልኬን አንስቼ ለአለቃዬ ደወልኩ። በዚህ መሐል እትዬ በላይነሽ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ሁለቱን ክፍላችንን ዞረው አዩና፣ መኝታ ቤታችን ፀሐይ ይገባዋል ብለው አልጋዬ ራስጌ ላይ ባርኔጣቸውን አስቀመጡ። ጎሳዬ ከአዲስ አበባ ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ በቦታው የዋናውን ጎማ ጣለ። እትዬ በላይነሽ ጎማውን ያዙ፤ እሱም በሌላው በኩል ያዘ።

አለቃዬ አነሱ። ሁለት ሳምንት ዕረፍት ፈልጌ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ቢሆንልኝ አልኳቸው። ከወዲያ በኩል ብዙ ጊዜ ድምፅ ጠፋ። የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል። «አይዞህ ይርዳው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ማን ሞተብህ?»

በአልጋዬ ላይ ጎማ የሚጓተቱትን ወንድምና እህት አየኋቸው።

«እስካሁን ማንም» አልኳቸው።